ጭረት አንባቢውና የአጎቴ ቀኝ እጅ

ሰኞ፣ 4

ይህ ደብተር ከመጽሐፍ ጠርዝ ተቆርጦ ከተጣለ ወረቀት የተሠራ ነው። ስለዚህ ጠባብና ረጅም ነው፤ እንደ እኔ። የሰጠኝ የማተሚያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ነው። ሲራመድ ኮቴው ስለማይሰማ "ጎማ" እንለዋለን። በነፃ አልሰጠኝም። ዋጋውን ሌላ ቀን እጠይቅሻለሁ ብሎኛል።

ወሩን አልጽፍም። ትምህርት ቤት ሊከፈት አምስት ሳምንት ሲቀረው ማተሚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ወሩን አይረሳም። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። እኔን ያባረሩኝ ከዘጠነኛ ክፍል ነው፣ "ለትምህርት ቤቱ ሰላም ሲባል" ብለው። አሁን መጽሐፉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። እስቲ እሱንም ያባርሩት!

አጎቴ ገጽ አቀናባሪ ነው። ጽሑፉንና ሥዕሉን ገጽ ላይ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። አምና ታሞ ከተነሣ ወዲህ ግራ እጁ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠች እንግዳ ናት፤ ታያለች፣ አትሠራም። የአቀናባሪ ቀኝ እጅ ማውስ ላይ፣ ግራው ኪቦርድ ላይ ነው የሚውለው። በግራው ይቀዳል፣ ይለጥፋል፣ ይሰርዛል። ጋሼ ግን በየደቂቃው ማውሱን ትቶ ኪቦርድ ፍለጋ ይሄድ ነበር። እና አንድ ፕሮግራም ጫንኩለት። የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይዞ ወደ ላይ ሲጭር ይቀዳል። ወደ ታች፣ ይለጥፋል። ወደ ግራ፣ የተበላሸውን ይመልሳል። ታች ወርዶ ወደ ቀኝ፣ ያስቀምጣል። እንደ መጋዝ ጥርስ ካመላለሰው ይሰርዛል። ስሙን ጭረት አንባቢ ብዬዋለሁ።

"አንቺ ቀበጥ፣ ይሄን ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩሽ?" አለ ጋሼ።

"እንዲህ ያለውን ስሠራ አይደል ያባረሩኝ!"

በቀኝ እጁ ብቻ ሲስቅ አየሁት። ሰው በእጁ አይስቅም የሚል ካለ መጥቶ ይይ።

ማክሰኞ፣ 5

ዘገየ። ጋሼ ወደ ላይ ጫረ። አንድ... ሁለት... ከዚያ ቀዳ።

"ምሳውን በልቶ ነው የመጣው?" አለ።

የጎማ ጥፋት ነው። ሰማንያ ገጽ ባንድ ጊዜ ላከ።

ሐሙስ፣ 7

እዚህ ቤት ጉልበት ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። ጋሼ ገጽ ያቀናብርበታል። አራሚዋ እትዬ ሥዕሎቹን በስካነር ታስገባበታለች። ጎማ ያለቀውን ገጽ ወደ ማሽኑ ይልክበታል። ፀረ ቫይረሱ ደግሞ ባሰኘው ሰዓት ተነሥቶ እንደ በር ዘበኛ የሁሉንም ኪስ ይፈትሻል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ትንሹ ጭረት አንባቢ ማን ይስማው? ግን እሱ ነው ፈጥኖ መድረስ ያለበት። ሥዕሉ አሥር ሰከንድ ዘግይቶ ቢገባ ማንም አይሞትም። ጭረቱ ሁለት ሰከንድ ከዘገየ ጋሼ ሌላ ገጽ ላይ ሄዷል፤ ትእዛዙ መጥቶ እዚያ ይፈጸማል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ የሚዘረዘሩበት ቦታ አለ። እያንዳንዱ ቅድሚያ አለው፦ ዝቅተኛ፣ መደበኛ፣ ከፍተኛ። ጭረት አንባቢውን ከፍተኛ አደረግሁት። ጋሼ ጫረ፤ እጁ ሳይቆም ተቀዳ።

"ኧረ ይሄስ አሳቤን ነው የሚሰማው!"

እኔ ምን አልኩ? "ደመወዝ ጨምሩልኝ" አልኩ። እዚህ ሥራዬ መላላክና መጥረግ ነው፤ ኮምፒውተሩን የምነካው የአጎቴ የእህት ልጅ ስለሆንኩ ነው።

ቅዳሜ፣ 9

ጋሼ ከትናንት ጀምሮ ፊቱን ስለቋጠረ ላስቀው ብዬ ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንደኛ፣ ማውሱ በሄደበት ሁሉ ባለ ሰባት ቀለም ጅራት ይከተለዋል። ሁለተኛ፣ ለየጭረቱ ድምፅ ሰጠሁት። ሲቀዳ ዶሮ። ሲለጥፍ ፍየል። ሲሰርዝ ደግሞ... ሥራ አስኪያጁ ክፍል ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግባት "እህም!" አለች። በስልኬ ደብቄ ቀዳኋት። ሰውዬውንም አቶ እህም ነው የምለው። ፊት ለፊት እርስዎ፣ እዚህ ደብተር ላይ አንተ።

ጋሼ ጮክ ብሎ ሳቀ። እትዬ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። ሁለት ቃል ያህል ደስታ በወረቀት ላይ ብጽፍ ማን ይከለክለኛል? ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ 11

ኮሪደር እየጠረግሁ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አቶ እህም ለእትዬ፦

"ሰውዬው ጎበዝ ነበር። አልካድኩም። ግን በአንድ እጅ ሦስት መቶ ገጽ... አንቺስ በእኔ ቦታ ብትሆኚ?"

"እኔ አራሚ ነኝ፤ የታተመውን ነው የማርመው፣ ሰው አይደለም" አለች እትዬ። ጎሽ እትዬ።

"ነበር" አለ። ጋሼ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ምዕራፍ አራትን እየጨረሰ ነው። መጥረጊያውን አቶ እህም ጫማ ላይ ባሳልፍበት ደስ ባለኝ። አሳለፍኩበትም። "ይቅርታ፣ አላየሁዎትም" አልኩ።

ረቡዕ፣ 13

እንደገና ዘገየ። ፀረ ቫይረሱ ነው። እርግጠኛ ነኝ።

ጎማ ሰሞኑን የደብተሩን ዋጋ ጠየቀኝ። "ለአጎትሽ ያደረግሽውን ለእኔም አድርጊልኝ፣ የእኔም ወረፋ ይፍጠን" አለኝ። የማተሚያ መላኪያውን ከፍተኛ አደረግሁለት፣ የደብተሩ ዕዳ ተከፈለ። እትዬ ይህን ሰምታ፣ "ልጄ፣ የእኔ ስካነርስ የእንጀራ ልጅ ነው?" አለች። እሷንም ከፍተኛ አደረግኋት። ማስቲካ ሰጠችኝ። ሁለቱም አመስግነውኛል። አንድን ሰው ማስደሰት ወንጀል ሆኖ አያውቅም።

ፀረ ቫይረሱ ነው።

ጠዋት ስብሰባ ነበር። ጋሼን አልጠሩትም። ረስተውት ይሆናል።

ዓርብ፣ 15

ጋሼ ጫረ፤ ምንም። ደግሞ ጫረ፤ ምንም። ዶሮም የለ፣ ፍየልም የለ። የጭረት አንባቢው ምልክት ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ኩራቱ ሳይነካ ቁጭ ብሏል። አጥፍቼ ሳስነሣው ሠራ። ከሰዓት በኋላ እንዲሁ። ሦስት ጊዜ።

ምሳ ሰዓት ላይ እንደ እኔ ያሉ ነካኪዎች የሚጠያየቁበት የኢንተርኔት ገጽ ገብቼ አነበብኩ። ለካ ማውሱ ንቅንቅ ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ጭረት አንባቢውን "ይሄ የአንተ ነው?" ብሎ ይጠይቀዋል። ለመልሱ የሚጠብቀው ከዓይን ጥቅሻ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው። መልሱ እየዘገየ ካስቸገረው መጠየቁን ይተዋል። አያስጠነቅቅም፣ አይቆጣም፣ መልእክት አይጽፍም። ወንበሩ ላይ ትቶት በላዩ ላይ ያልፋል።

ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። እንዴት ያለ ወራዳ አሠራር ነው! ዘገየህ በለውና ይወቀው እንጂ!

ለጋሼ ስነግረው ግራ እጁን በቀኙ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። "አውቀዋለሁ ይሄን" አለ። ከየት እንደሚያውቀው አልጠየቅሁትም። ስለ ኮምፒውተር ነበር የምናወራው።

ሰኞ፣ 18

ጉድ ፈላ። ምዕራፍ ሰባት ታትሞ ወጣ፤ አራት ሥዕል የለም። ሌንሶቹ የሉም። "በሥዕሉ እንደምታዩት" ይላል፣ ነጭ ወረቀት ነው የሚታየው። ሁለት ሺህ ቅጂ።

ጎማ እንደ ሁልጊዜው ድምፅ ሳያሰማ ገባ፤ አንዱን ወረቀት ጋሼ ፊት አስቀመጠና ወጣ።

ጋሼ ስክሪኑን አየ፣ እጁን አየ። "ሰርዤው ይሆን?" አለ። እኔን አይደለም የጠየቀው።

ማክሰኞ፣ 19

አቶ እህም መጣ። በሩ ላይ "እህም"። ሁላችንም ቆምን።

"ወንድሜ፣ ደክሞሃል" አለ ለጋሼ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ከሚቀጥለው ሰኞ ሌላ አቀናባሪ ይመጣል። አንተ ወረቀት ቆጠራ ክፍል ትቀመጣለህ። ቀለል ያለ ነው።"

ጋሼ ሃያ ስድስት ዓመት ገጽ ሲያቀናብር ኖሯል። ወረቀት ቆጠራ ክፍል መስኮት የለውም። ሰዎች ጡረታቸውን የሚጠብቁበት ክፍል ነው።

"እጄ ስቶ ይሆናል" አለ ጋሼ።

እኔ መወልወያ ይዤ ቆሜያለሁ። አፍ አለኝ። ይህ ሁሉ አፍ! አስተማሪ ላይ፣ ዘበኛ ላይ፣ ጎረቤት ላይ የሚሠራ አፍ። አንዲት ቃል አልወጣችም። ባልዲው ሞልቶ ስለነበር ልደፋው ሄድኩ። ባልዲው ሞልቶ ነበር።

ሐሙስ፣ 21

እማዬ ራት ላይ፣ "ወንድሜ ምን ሆኖ ነው አንገቱን የደፋው?" አለች።

"የፊዚክስ መጽሐፍ እኮ ነው፤ ማንን አንገት ያላስደፋ!" አልኩ።

አልሳቀችም። ጋሼ ሰሐኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ። ከታመመ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ትምህርት ቤት ሲያባርረኝ አባዬ ከቤት አስወጣታለሁ ብሎ ነበር፤ "ለእኔ ስጡኝ፣ ሥራ አስለምዳታለሁ" ያለው ጋሼ ነው። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ጅራቱ ቀለም ብቻ ነው። ቀለም ምን ያህል ይከብዳል?

ዓርብ፣ 22

ምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ፤ የጎማ ገጾችና የእትዬ ሥዕሎች ግን ገና ወረፋ ላይ ናቸው። በስልኬ ሰዓት ለካሁ። ሁሉንም እንዳለ ትቼ አንድ ጭረት ጫርኩ፤ ሦስት ሰከንድ ተኩል። ጅራቱን አጠፋሁ፤ ሁለት። ድምፆቹን አጠፋሁ፤ አንድ ከምናምን። ለካ ለእያንዳንዷ ዶሮ ከዲስኩ ፋይል ፈልጎ፣ ከፍቶ፣ አጫውቶ ነው ወደ ሥራው የሚመለሰው። ዲስኩ ላይ ደግሞ ስካነሩ፣ ማተሚያውና ፀረ ቫይረሱ ይጋፋሉ። ማተሚያውንና ስካነሩን ወደ መደበኛ መለስኳቸው። ጫርኩ። መቁጠር አልቻልኩም። እጄ ሳይቆም።

ፀረ ቫይረሱን አልነካሁትም። ሲሠራ ነበር፣ ሲፈትሽ። ቢሆንም ፈጠነ።

ስለዚህ ፀረ ቫይረሱ አልነበረም።

ሁሉን አንደኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በደብተርና በማስቲካ። ሁሉም አንደኛ ሲሆን ደግሞ ጭረት አንባቢው ተራ ሰው ሆነ። ከዚያ በላይ ዶሮና ፍየል አሸከምኩት። ከዚያ "ዘገየ" ተባለ፣ ከወረፋ ወጣ፣ ጋሼም አብሮት ወጣ።

ዝም ብዬ አስተካክዬ ብተወው ማንም አያውቅም። ሰኞ ግን ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በፈጠነው ላይ። በእኔ ባፈጠንኩት ላይ! ይሄንስ አልፈቅድም።

ቅዳሜ፣ 23

ቢሮው ገባሁ። ሳላንኳኳ። "እህም" ያልኩት እኔ ነኝ፤ አምልጦኝ ነው።

"ሥዕሎቹን የሰረዘው የጋሼ እጅ አይደለም፤ የእኔ ነው" አልኩ።

"አንቺ ገጽ ስታቀናብሪ አላየሁም።"

"አላቀናበርኩም፤ አበላሸሁ። ልዩነት አለው። መጥተው ይሞክሩት፤ በሁለት እጅዎ!"

ለምን እንደመጣ አላውቅም። ሁለት እጁን ስለጠራሁበት ይመስለኛል። እትዬና ጎማም ተከትለው ገቡ። ጋሼ ከወንበሩ ተነሣ። "ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ። የምዕራፍ ሰባትን ቅጂ ከፈትኩ፤ ዋናውን እንኳ ለአቶ እህም አልሰጥም። ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ መለስኩት፤ ጅራቱን፣ እንስሳቱን፣ ከፍተኛ ከፍተኛ ከፍተኛውን። ጎማን "ሰማንያ ገጽ ላክ"፣ እትዬን "ትልቁን ሥዕል አስገቢ" አልኳቸው።

"ይሄን የተበላሸ መስመር ይምረጡና እንደ መጋዝ ጥርስ ጭረው ይሰርዙት።"

ጫረ። ባለ ቀለሙ ጅራት እየተንቀረፈፈ ተከተለው። ምንም አልተሰረዘም።

"አይሠራም" አለ።

"እሺ፣ የሚሠራ ሰው አይጠብቅም፤ ወደሚቀጥለው ገጽ ይለፉ። ሌንሱን ይንኩት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያስጠጉት።"

አለፈ። ሌንሱን ነካ። ያን ጊዜ የዘገየው ስረዛ ደረሰ፤ ኮምፒውተሩ "እህም!" አለ፣ ሌንሱም ጠፋ።

አቶ እህም ባዶውን ገጽ እያየ ቀረ። እጁ አሁንም ማውሱ ላይ ነው፣ ልክ ጋሼ ሰኞ ዕለት እንዳደረገው።

"እኔ አይደለሁም የሰረዝኩት" አለ።

"ጋሼስ?" አልኩ።

መጀመሪያ ጎማ ነው የሳቀው። ሰውዬው የሳቅ ድምፅ እንዳለው ዛሬ አወቅን። እትዬ መነጽሯን አወለቀች። አቶ እህም ግን ጆሮው ቀልቶ፣ "ይሄ... ይሄ ድምፅ..." አለ።

"የእርስዎ ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።"

ከዚያ ሁሉንም ፊቱ አጸዳሁ። ጅራት የለም፣ እንስሳ የለም። ማተሚያና ስካነር መደበኛ። ፀረ ቫይረስ በምሳ ሰዓት ብቻ። ጋሼ ዋናውን ፋይል ከፍቶ ተቀመጠ። ጎማ ገጽ እየላከ፣ እትዬ ሥዕል እያስገባች፣ አቶ እህም ሰዓቱን እያየ፣ ስድስት ገጽ በአርባ አንድ ደቂቃ ሠራ። አምና በሁለት እጁ ስድስት ገጽ የሚወስድበት አርባ ደቂቃ እንደነበር ራሱ አቶ እህም ከመዝገቡ አወጣ። አንዷ ደቂቃ መነጽሩን የጠረገባት ናት። አልጠረገውም፣ ዓይኑን ነው የጠረገው። ግን መነጽር ብዬ እጽፋለሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ ድልድዩን ካለፍን በኋላ፣ "ማክሰኞ ለምን አልተናገርሽም?" አለ።

"ባልዲው ሞልቶ ነበር።"

ትንሽ ሄድን።

"ስትቀልጂ አትከብጂኝም" አለ። "ዝም ስትዪ ነው የከበድሽኝ።"

በግራ በኩሉ ዞሬ ያቺን እንግዳ እጅ ያዝኳት።

ሰኞ፣ 25

ውሳኔ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ይቀጥላል። ሌላው አቀናባሪ አይመጣም። ምዕራፍ ሰባት እንደገና ይታተማል።

እኔ ከእንግዲህ ያንን ኮምፒውተር እንዳልነካ። በጣቴ፣ በክርኔ፣ በመጥረጊያ እንጨት። "በምንም!" አለ አቶ እህም። እና ወረቀት ቆጠራ ክፍል ተመደብኩ። ለጋሼ የተዘጋጀችው ወንበር ናት። ለእሱ ያደረጉባትን ትራስ እንኳ አላነሡም።

ይቅጡኝ። ተቀጣሁ። ግን የቆጠራው ክፍል በር ከጋሼ ክፍል በር ፊት ለፊት መሆኑን ሲመድቡኝ ማን አሰበው?

ረቡዕ፣ 27

ሦስት ሺህ አራት መቶ ስድስት ወረቀት ቆጥሬ ሳለ ጋሼ ጠራኝ። ጭረት አንባቢው ጠፍቶበታል። ምልክቱ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፤ የሚጠይቀው የለም። ጎማ ዛሬ መቶ ሃያ ገጽ ነው የላከው።

ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ደፉን አልተሻገርኩም።

"ምልክቱን በቀኝ ቁልፍ ንካው።"

"ነካሁ።"

"ውጣ የሚለውን።"

"ወጣሁ። አሁን ጨርሶ የለም!"

"አትደንግጥ። ከግራ ጥግ ፈልገህ እንደገና ክፈተው። አሁን ዝርዝሩን አውጣ። ስሙን አየኸው? ቅድሚያ የሚለው ላይ ግባ።"

"ከፍተኛ?"

"እሱ ብቻ። ማንም ማስቲካ ቢሰጥህ እሱ ብቻ።"

ከኋላዬ "እህም"።

"አትንኪ ብዬሽ የለ?"

"አልነካሁም። እግሬን ይመልከቱ።"

ጎንበስ ብሎ በእውነት አየ። የጫማዬ አፍንጫ ደፉ ላይ ነው፣ አንዲት ፀጉር ያህል አላለፈም። እጆቼን ደግሞ ከኋላዬ አጣምሬያለሁ። ሰውዬው የሚከለክለው ነገር ፈለገ፤ አጣ።

"መናገርም..." ብሎ ጀመረ።

"መናገር አልተባለም። በጣትሽ፣ በክርንሽ፣ በመጥረጊያ እንጨት ነው ያሉት። ቆጥሬያለሁ፤ አሁን ሥራዬ መቁጠር ነው።"

ጋሼ ዞር ሳይል፣ "ደብተር አምጪ" አለኝ።

"ለምን?"

"የነገርሽኝን ልጽፈው። ነገ አንቺንም ከበሩ ቢያባርሩሽ ራሴ አስነሣዋለሁ።"

ከጀርባ አሥር ገጽ ቀድጄ ደፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በቀኝ እጁ ማውስ መያዝ አለበት፣ በቀኝ እጁ መጻፍ አለበት። ማውሱን ለቀቀ፣ ጻፈ፣ ማውሱን ያዘ፣ ደግሞ ለቀቀ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አቶ እህም ሰዓቱን አላየም። እኔም አላፋጠንኩትም።